ከናይሮቢ የመጣችው ቀዝቃዛ ሳጥን

ኸይራ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ክትባት እንዳልሆነ እንደገና ተናገረች፤ አዛውንቱ አርብቶ አደር ኦቦ ዲዳም የፍየላቸውን ጆሮ ይዘው እንደገና አቀረቡላት።

አይፈረድባቸውም። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ከናይሮቢ አውቶቡስ በበረዶ የታሸገ ነጭ ሳጥን ወረደ ማለት የከብት ክትባት መጣ ማለት ነው። ወሬው ቀድሞ ጎዶማ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ደርሶ ኖሮ፣ ኸይራ ሳጥኗን አቅፋ ቤቷ ገብታ ሳትቀመጥ ደጇ በፍየልና በግመል ተዘጋ። አንዲቱ ግመል ከልብስ ማስጫው ላይ የኸይራን ሻሽ አውርዳ ታኝካለች።

የያዘችው ለምርምሯ የሚሆን ፕሮቲን ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የምትመራመርበት ዩኒቨርሲቲ መኪና እስኪልክላት በረዶው መቅለጥ የለበትም፤ ከቀለጠ የዓመት ልፋቷም አብሮ ይቀልጣል። እሷ ሰፈር ደግሞ መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተር ያለው ሄሉ የሚባለው ሰፈር፣ ሻሪፍ የሚባል ሰው ሥጋ ቤት ነው። ሳጥኑን ይዛ ልትወጣ ስትል ግን ሰዉ ተንጫጫ፤ ባለፈውም ክትባቱ ወደ ሄሉ እንደሄደ በዚያው ቀርቷል አሉ።

አስረዳች። የሰው ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ይሠራል፣ ፕሮቲኑ ካልሲየም ይይዛል። ኦቦ ዲዳ በጥሞና ሰምተው፣ ካልሲየም ለአጥንት እንደሚበጅ በሬዲዮ መስማታቸውን ተናገሩና ሽርጣቸውን ሰበሰቡ።

«ከሰው ከሆነማ ፍየሏ ትቆይ። ጉልበቴን ውጊኝ።»

ኸይራ ሳቋ አመለጣት። ሳጥኑ ሲያንጠባጥብ ግን ሳቋ ደረቀና፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ብልቃጧን አሳየች፤ ጣት የማታህል፣ ከሥሯ አንዲት ጠብታ ያለባት።

ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየ። ያን ሁሉ መንጋ ከጎዶማ ያስነዳችው ጠብታ እንኳን ለግመል ለዝንብም አትበቃም። አንዱ ሳቁ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። ኦቦ ዲዳ ራሳቸው መንጋውን በዱላ ከፍለው መንገድ አበጁ፤ ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት አስቆሙና ከኸይራ ኋላ ተፈናጠጡ፤ ፍየሏንም ለማን ልተዋት ብለው ጭናቸው ላይ። ሞተሩ እያቃሰተ ሄሉ ገቡ።

ሻሪፍ ሳጥኑን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከግመል ጉበት አጠገብ አስተኛው። በረዶው ጥቂት ተርፎ ነበር። ኸይራ እፎይ ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ምርምሩ ሲያልቅ መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው» አለቻቸው።

«ለፍየሏ ንገሪያት» አሉ ኦቦ ዲዳ፤ «ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፈችው እሷ ናት።»