በራዚያ ሠርግ ደጃፍ

በልጉ አልዘነበም። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ጥቂት ቀን ዘነበና በረዶ ተከተለ። የበቀለው ማሽላ መሬት ላይ ተኛ። ሣር ጠፋ። ከብቱ የአርዲቦ ሐይቅን ዳር ግጦ ጨረሰ፤ ከዚያ ጭቃ ይልስ ጀመር። የአስረስ ሁለት በሬዎች ተከታትለው ሞቱ። ቆዳቸውን ውጫሌ ወስዶ በዘር ለወጠው። ዘር ያዘ፤ የሚያርስበት ግን አልነበረውም።

ጎረቤቱ ሙሐመድሁሴን ወንዱ ጥማድ በሬውን እየነዳ መጣ። የራሱን ማሳ ትቶ የአስረስን አረሰ። መሬቱ እርጥበት የሚይዝበት የቀረው ጊዜ ትንሽ ነበር፤ ያን ትንሽ ጊዜ ለአስረስ ሰጠው። የሙሐመድሁሴን ጤፍ ዘግይቶ ተዘራና ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። በዚያ ዓመት የአስረስ ቤት በላ። የሙሐመድሁሴን ቤት ከዘመድ እየለመነ ከረመ።

አዝመራው ሲገባ አስረስ ሄዶ «በምን ልክፈልህ?» አለው።

ሙሐመድሁሴን ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትንሿ ልጁ ራዚያ እግሩ ሥር አፈር ታቦካለች።

«እህል ይዘህ እንዳትመጣብኝ» አለ። «ይቺ ልጅ ስትዳር ደጃፌ ላይ ቆመህ የሙሽራውን ወገን በግጥም ታስጨንቅልኛለህ። ላብ ሳያሰምጣቸው እንዳታስገባ። ያን ቀን ከፈልከኝ ማለት ነው።»

በዚያ አገር ሙሽራ አጃቢውን ይዞ ሲመጣ ዝም ብሎ አይገባም። ከሙሽሪት ወገን አንድ ግጥም አዋቂ ዱላውን አጋድሞ ደጃፍ ይዘጋል። ግጥም ይወረውራል። አጃቢው በግጥም ካልመለሰ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሳቅበታል። ከአርዲቦ እስከ ውጫሌ ደጃፍ በመያዝ አስረስን የሚያህል አልነበረም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራዋል። እሱም ለራዚያ ሠርግ ከሃያ ዓመት በላይ ግጥም ሲያጠራቅም ኖረ። እርሻ ላይ ሆኖ አንድ ጥሩ ቃል ሲመጣለት ለሌላ ሠርግ አያወጣውም። «ይቺ የራዚያ ናት» ይላል።

ከዚያ የራዚያ ወንድም ዑበይዱላህ ከሳዑዲ ተመለሰ።

ልጁ ሐይቅ ከተማ ስልክ መጠገኛ ከፈተ። ስልኩ ውስጥ የሚያናግረው ነገር ነበረው። በሬዲዮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው፤ ልጆቹ ኤአይ ይሉታል። መጀመሪያ ሰው የመጣው ለትንሽ ትንሽ ነገር ነበር። አንዱ የታመመ የማሽላ ቅጠል ፎቶ ያሳየዋል፤ ስልኩ በሽታውን ይነግረዋል። ጸጉር ሠሪዋ ሳምሪ የሱቋን ማስታወቂያ አሠራችው፤ ደንበኛዋ በዛ። አስረስ ይህን ሲሰማ ምንም አልመሰለው። ቅጠልና ጸጉር የእሱ አይደለም።

ጾም ሲፈታ ለተብርሃን የምትባል ጎረቤታቸው የባሏን ሙት ዓመት አወጣች። አስረስ ለአባቷ፣ ለእናቷ፣ ለወንድሟ ሙሾ ያወጣላት ሰው ነው። ለባሏም ያሰበው ነበረው። ሲደርስ ግጥሙ ከዑበይዱላህ ስልክ ወጥቶ፣ በወረቀት ታትሞ፣ አንዷ የእህቷ ልጅ እያነበበችው ሴቱ ሁሉ ያለቅሳል። አስረስ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ሰማ። ስህተት ፈለገበት። ቤት የማይመታ ስንኝ ጠበቀ። አላገኘም።

«ለተብርሃንን ሰላም አላልካትም አሉ» አለችው ሚስቱ ሰብለወንጌል ማታ።

«አላየኋትም።»

«ፊት ለፊትህ ቆማ?»

«ስልክ ነበር የምታይ።»

ሰብለወንጌል ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ በኔ እንኳ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም።»

ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ግን ሐይቅ ገበያ በወጣ ቁጥር የማያስፈልገውን ጨው ሊገዛ በልጁ ሱቅ በኩል ያልፋል። ማን እንደገባ ያያል። የሠርግ ወራት ሲደርስ የጠራው ሰው አልነበረም።

በጥር መግቢያ ሙሐመድሁሴን መጣ።

«ራዚያ ልትዳር ነው» አለ። «ለአብዱልሰመድ። የአምባሰሉ ኑርዬ የወንድሙ ልጅ።»

አስረስ የኑርዬን ስም ሲሰማ ቀና አለ። ድሮ፣ እነሱ ልጆች ሳሉ፣ የሙሐመድሁሴን አባት ወንዱ በግጦሽ ጠብ የኑርዬን አባት ገደለ። ደሙ ብዙ ዘመን ሁለቱን ወገን ሲያባላ ኖሮ በሽማግሌ ታረቀ። ሲታረቁም ያ ቀን ከሁለቱም ወገን አፍ ዳግም እንዳይወጣ ተማማሉ። መሐላው ስለተጠበቀ ልጆቹ ምንም ሳያውቁ አደጉ። ሽማግሌዎቹ ብቻ ያውቃሉ። አሁን ከሁለቱ ቤት ልጆች ተፈላልገው ሊጋቡ ነው።

«አላህ ነው ያመጣው» አለ ሙሐመድሁሴን። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኑርዬ ራሱ አጃቢ ሆኖ ይመጣል።»

«ደጃፉን እይዛለሁ» አለ አስረስ።

«ትይዛለህ እንጂ። ብቻ ዑበይዱላህ ዘፈን እያዘጋጀ ነው፣ በአምባሰል ቅኝት። ሲደርሱ መጀመሪያ እሱ ይለቀቃል። አንተ ከዚያ በኋላ ትላለህ። እስከዚያው ደግሞ የዘራችንን ነገር ንገረው፤ እሱ ምኑንም አያውቅም።»

«ከዚያ በኋላ።» አስረስ ይቺን ቃል ቤቱ ይዟት ገባ፤ ይዟት አደረ።

ሱቁ ሲሄድ ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠው።

«ጋሼ አስረስ፣ እንደው የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ። እኔ ለዚህ እነግረዋለሁ» አለና ስልኩን አነሳ።

«እሱ አይሰማም ወይ?»

«ይሰማል። አብሽሩ፣ እዚሁ ተናገሩለት።»

አስረስ ለስልኩ ተናገረ። ስለ ራዚያ እናት፣ ስለ ሙሐመድሁሴን ደግነት ነገረው። የበሬውን ነገር አልነገረውም። ያ የራሱ ነበር።

«ወላሂ ጥሩ ነው» አለ ልጁ። «የጀግና ነገር ግን አነሰን። አያታችን ወንዱ ጀግና ነበር ይባላል። ምን ሠራ?»

ልጁ ስልኩን እንደያዘ ጠበቀ። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንደኛዋ አምና ለልጇ ሠርግ አስረስን የጠራች ናት። እሱን እንዳላየች ሆነች።

«አምባሰል ገደል ሥር አድሮ ነበር» አለ አስረስ። «ጠላቱን ጠብቆ በአንድ ጥይት ጣለው።»

«ጠላቱ ማን ነበር?»

«ጠላት ነዋ።»

ሲወጣ ለራሱ እንዲህ አለ፦ ልጁ የጀግና ነገር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የሟችን ስም አልጠራሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ጠርቶት ዘፈኑን አሰማው። ማሲንቆ አለው፤ ማሲንቆውን የመታ ሰው ግን የለም። የወንድ ድምፅ አለው፤ ጉሮሮው የማንም አይደለም።

«ከአርዲቦ ዳር ላይ የቆመች ቄጤማ፣
ነፋሱ ሳይነካት ሽታዋ ተሰማ።»

አስረስ ለራዚያ ካጠራቀመው ሁሉ ይቺን የሚያክል አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሐይቅ ዳር አልፏል፣ ቄጤማውን ረግጧል፤ ይቺ ቃል ለእሱ አልመጣችም። ሐይቁን አይቶ ለማያውቅ ነገር መጣችለት። ዘፈኑ ስለ አባቷ ሁለት ስንኝ አለ። ከዚያ የአያቷ መጣ።

«አያቷ ወንዱ ነው ገደል ሥር ያደረ፣
በአንድ ጥይት ብቻ አገር ያስከበረ።»

«እንዴት ነው?» አለ ልጁ። ዓይኑ የሚለምን ነበር።

አሁን መናገር ይችል ነበር። ይህን አውጣ ማለት ብቻ ነው። ኑርዬ ደጃፉ ላይ ፊቱ ሲለዋወጥ ታየው፤ ሰው ሁሉ «አስረስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር» ሲል ተሰማው። ያ ጣፈጠው።

«ደህና ነው» አለ።

በሠርጉ ቀን ድንኳኑ ሞላ። በአንድ በኩል የክርስቲያን ሥጋ ለብቻው ታርዶ ሰብለወንጌልና ሴቶቹ ይሠራሉ። አስረስ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ዱላውን ደጃፉ ላይ አጋደመ። ዑበይዱላህ ድምፅ ማጉያውን አጠገቡ አቁሞ ስልኩን ሰካ።

ሚኒባሶቹ ቆሙ። አጃቢው እያጨበጨበ ወጣ። ከፊት ኑርዬ ነበር፤ ሽበታም፣ ጎባጣ፣ ከዘራ የያዘ። ዘፈኑ ተለቀቀ። ቄጤማው ሲባል ሴቶቹ እልል አሉ። ኑርዬ ቆመ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ወደ አስረስ ቀረበና ጆሮው ሥር፣

«የአስረስ ቃል ናት። አወቅኳት» አለው። «ማሻአላህ። የወንዱ ቤት እንዲህ ብሎ ይቀበለኛል ብዬ ስመጣ አላሰብኩም። ሌሊቱን ስፈራ ነው ያደርኩ።»

አስረስ የሽማግሌውን ዓይን አየ። እርጥብ ነበር። ዘፈኑ ወደ አባቷ ስንኝ አልፎ ነበር።

አስረስ ጎንበስ ብሎ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለው።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ዑበይዱላህ ሮጦ መጣ። «ጋሼ አስረስ፣ ምን ሆናችሁ?»

«በቃ።»

«ገና አላለቀም እኮ!»

«የአያትህን ስንኝ አውጣው» አለው አስረስ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ካላወጣኸው አትልቀቀው። ለምን አትበለኝ።»

ከሴቶቹ መሃል «ቀንቶ ነው እኮ» የሚል ተሰማ። «በልጅ ሥራ ይቀናል እንዴ? በሠርግ ቀን?» ወንዶቹ ፈገግ አሉ። ለተብርሃን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሰብለወንጌል ከድስቱ ጋር እንደቆመች ቀረች። ምክንያቱን ቢናገር ወንዱ የገደለበትን ያን ቀን ማንሳቱ ነው። አላነሳም።

ሁሉም ግጥሙን ጠበቀ። ሃያ ዓመት ያጠራቀመው አንዱም አልመጣለት አለ። ከአፉ የወጣው ይህ ነበር፦

«በክፉ ቀን በሬ የሰጠኝ ጎረቤት፣
ዛሬ ልጁን ዳረ፣ እንግዶች ግቡ ቤት።»

አጃቢው በሳቅ ፈነዳ። «አይ ደጃፍ ያዥ! ራሱ ዘግቶ ራሱ አስገባን!» አለ አንዱ። ሌላው «ዱላውን ተቀበሉት፣ ደክሞታል» አለ። ማንም ላብ አላሰመጠውም። አስረስ ዱላውን አንስቶ ዞር አለ፤ እየሳቁ ገቡ።

ሰው ከበላ በኋላ ዘፈኑ እንደገና ተለቀቀ። የአባቷ ስንኝ አልቆ ወደ ሙሽራው አለፈ፤ በመካከሉ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። አስረስ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ ይሰማል። ሙሐመድሁሴን መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ልጁ ያወጣውን ስንኝ አሰምቶኛል» አለ።

አስረስ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«ማን ነገረው?»

«እኔ።»

ሙሐመድሁሴን ወደ ድንኳኑ አየ። ኑርዬ ከራዚያ እናት ጋር አንድ ትሪ ላይ እጁን ዘርግቶ የሆነ ነገር ያወራል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«ሰዉ ስለ ቅናትህ ነው የሚያወራ» አለ በመጨረሻ።

«ያውራ። እውነት ነው።»

«እኔም ዝም እላለሁ። ምን ብዬ ለሰዉ እመልስልሃለሁ?»

«አትመልስልኝ።»

ሙሐመድሁሴን ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። እጁን አልዘረጋለትም።

«የበሬው ነገር ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን የለም» አለ። «ከፍለኸኛል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አስረስ።