የጠራው ማን ነው

«እግዚአብሔር ጠራው፤ ምን ይደረጋል» አሉ አለቃ ገብረ ሊባኖስ፣ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ እየተቀመጡ።

ምስራቅ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ይህን ቃል ከስንቱ ለቀስተኛ ሰምታለች። ከእኚህ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ጥርሷን ነከሰች። ከኋላዋ ሴቶቹ ስለ ባሏ ስለ መሪጌታ የኔሰው ይንሾካሾካሉ፤ ጸናጽሉን እንደያዘ ማኅሌት መሃል ወድቆ መሞቱን እንደ መታደል ይቆጥሩታል።

እሷ የምታውቀው ሌላ ነው። ልቡ እንደ ደነበረ በቅሎ ድንገት ይጋልብበት ነበር። እያዜመ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቤት ሲገባ ግድግዳ ይዞ ነው። ለምና አዲስ አበባ ወሰደችው። ሐኪሙ በእርጋታ አስረዳቸው፤ በታፋው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ልቡ ድረስ ይገባል፣ ጫፉ ላይ ያለው አልትራሳውንድ ልቡን ከውስጥ ያሳያል፣ ምቱን የሚያዛባው ቦታ ሲገኝ በሙቀት ይተኮሳል። ይህን የሚሠሩት ሐኪሞች ከውጭ መጥተው ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። የኔሰው ከፍርሃቱ ይልቅ ሳቁ ቀደመው።

«ሐኪሙ ውስጤን ሲያይ አንቺን ተቀምጠሽ ቢያገኝሽ ምን ልበለው?»

ተራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ከአገራቸው ከሰቆጣ ስልክ ተደወለ። የኔሰው እምቢ ማለት አያውቅበትም። ለደብሩ ንግሥ ተመለሰ። ምስራቅ በንዴት እስከ ወልድያ አላናገረችውም።

አሁን ከአለቃ ፊት ቆመች።

«አባታችን፣ እሱን የጠሩት እርስዎ ነዎት» አለች። «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ተራው ነገ ነው አልኩዎት። ያለ እሱ ማኅሌቱ አይደምቅም አሉኝ።»

አንዲት አክስቷ ነጠላዋን ጎተተቻት፤ አልተቀመጠችም።

«ልብን የፈጠረ ይጠብቀዋል ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ አለቃ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«የሚያድኑትንም ሰዎች እሱ ነበር የላከለት። እርስዎ አስቀሩበት።»

ምግብ ሊቀርብ ነበርና ምስራቅ ጆጉን አነሳች፤ ለቀስተኛ ሳይበላ አይሸኝም። አለቃ እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰሰችላቸው። ታጥበው ጨረሱ፤ እሷ ግን አላቆመችም። ውኃው እጅጌያቸውን አርሶ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። እሳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ ጆጉ ባዶ እስኪሆን እንደዘረጉ ቆዩ።