ሻንጣ የሚወጣበት ቀን

እትዬ ሽንጧን ገትራ የተነሳች ቀን መላሽ የላትም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ግን የአገር መሪ ከሆነ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቷል።

እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም። እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ፣ የስፌት መኪና ላይ ተደፍታ የሰው ልብስ እየሰፋች አሳደገችው። ትምህርት ቤት ሲገባ የለበሰውን ዩኒፎርም የሰፋችለትም እሷ ናት። ጨርቅ በየጊዜው ከየት ይመጣል ብላ ሰፋ አድርጋ ነበር የሠራችው። እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ልጁ እጅጌውን በአገጩ ሽቅብ እየገፋ ሲነጫነጭ፣ "ዝም በል አቡሽ፣ ትደርስበታለህ" አለችው። እውነትም ደረሰበት። ተማረ፣ ጠበቃ ሆነ፣ ተመረጠ። አገር ሁሉ "ክቡርነትዎ" ሲለው እሷ ግን አቡሽ ማለቷን አልተወችም፤ ሱፉንም ሌላ ሰው ሰፍቶለት አያውቅም።

በዚያ አገር አንድ ደስ የሚል ልማድ ነበር። መሪው ዘመኑ ያለቀ ዕለት ሻንጣውን በገዛ እጁ አንጠልጥሎ ከቤተ መንግሥቱ በር በእግሩ ይወጣል። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭብለታል፣ እሱም ቤቱ ይገባል፣ አለቀ። እትዬ ድሮ አቡሽን ጫንቃዋ ላይ አስቀምጣ አንዱን ሲወጣ አሳይታዋለች። ልጁ "ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?" ቢላት፣ "ልብሱ ነዋ፣ ሌላ ምን ይኖረዋል? የቀረው የእኛ ነው" ብላው ነበር።

ታዲያ የራሱ ተራ ሲደርስ የአቡሽ ልብ ሸፈተ። መጀመሪያ ምርጫው ተራዘመ፣ ለሰላም ሲባል። ከዚያ ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ እሱም ለሰላም ሲባል። ዳኞቹ ደክሟችኋል ተብለው ወደየቤታቸው ተሸኙ። አማካሪዎቹ ናቸው ያሳሳቱት የሚሉ አሉ። ኧረ ወዲያ፣ ያልፈለገውን ሰው ማን ያሳስተዋል። የሰፈራቸው ፀጉር አስተካካይ "ጊዜው ሲደርስ ይውጣ እንጂ" ብሎ በመናገሩ ታሰረ። እትዬ ለማስፈታት ብትሄድ ወንድሟ ዓይኗን እንኳ አላያትም።

"ጸጉርህን ስንት ዓመት በነፃ የቆረጠህ ሰው ነው" አለችው።

"እትዬ፣ አንቺ በዚህ አትግቢ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት፣ የግድግዳ ጎረቤቷ፣ ሰላምታ ነሳቻት። እትዬም አልፈረደችባትም። እሷን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። አቡሽ በቀኑ በእግሩ ካልወጣ ከዚያ ቤት የሚወጣው ወይ ተጎትቶ ወይ ሬሳው ተይዞ ነው፤ ያንን ደግሞ በዓይኗ ማየት አትችልም። ያሳደገችው ልጅ ነው።

ቀኑ ደረሰ። መንገዱ ወታደር እንጂ የሚያጨበጭብ ሰው የለበትም። ረፋድ ላይ አቡሽ በቀጥታ ሥርጭት ቀርቦ "ሰላም እስኪጸና እቆያለሁ" ሊል ነው። በማለዳ እትዬ እንደ ወትሮዋ ሱፉን ልትተኩስ ቤተ መንግሥቱ ገባች። እሱ በፒጃማው አዳራሽ ተቀምጦ ከአማካሪዎቹ ጋር ንግግሩን ያነባል። እትዬ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ቤተ መንግሥቱ የገባ ዕለት ይዞት የመጣውን አሮጌ ሻንጣ አወረደች። ሱፍ አልቀራት፣ ሸሚዝ አልቀራት፣ ሁሉንም በወግ በወጉ አጣጥፋ ከተተች። እንባዋ አንድ ሁለት ጊዜ ሸሚዞቹ ላይ ወርዷል።

የበሩ ጠባቂ ሻንጣውን አስከፍቶ የሚያውቀውን ግራጫ ሱፍ ሲያይ ክው አለ።

"የት ሊወስዱት ነው፣ እናቴ?"

"ወደ ቤቱ ነዋ። ዛሬ ሻንጣ የሚወጣበት ቀን አይደል?"

ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ሻንጣውን ቀስ አድርጎ ዘጋና ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ፤ ለእሷ ይሁን ለሻንጣው እሱ ነው የሚያውቀው።

ቤቷ ገብታ ገና ልብሱን ስትሰቅል ስልኩ ጮኸ።

"እትዬ፣ ሱፌ የታለ?"

"ቁም ሳጥንህ ውስጥ።"

"ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው እኮ።"

"የዚህኛው ቤትህ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ና እና ልበስ።"

 ከኋላው የአማካሪዎቹ ጫጫታ ይሰማል። "ታዋርጂኛለሽ?" አላት በቀስታ፤ አንጀቷን በላት።

"ከውርደት ላድንህ ነው፣ አቡሽ" አለችና ዘጋችው።

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ሻንጣውን በመስኮት አይታ ኖሮ በሩ ላይ ቆመች።  እትዬ ወንበር ሳበችላትና ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

አቡሽ ብቅ አለ። ወይ ጉድ፣ ያጠለቀው የጸጥታውን ሹም ኮት ነው። ሹሙ ደግሞ በር ጠቦት በጎኑ የሚገባ ግዙፍ ሰው ነው። ትከሻው ወደ ክንዱ ወርዷል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል። "የተወደድክ ሕዝብ ሆይ" ብሎ ሲጀምር እጅጌው ወረቀቱን ሸፈነበት። ገፋው። ተመልሶ ወረደ። ሁለት እጁ በወረቀት ተይዟልና አጎንብሶ በአገጩ ሽቅብ ገፋው።

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። አቡሽም የሠራውን ያወቀው ያኔ ይመስላል፤ አገጩን እዚያው እንዳደረገ ቀረ። ቀና ሲል ዓይኑ ሌላ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ "ይቅርታ" አለ፣ ተነስቶ ከስክሪኑ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባዶ ወንበር ብቻ ታየ።

ቀትር ሲሆን የሰፈሩ ሰው ወደየበራፉ መውጣት ጀመረ። አቡሽ በዚያ ኮት ውስጥ ሆኖ፣ ያለ አጃቢ፣ በእግሩ ከታች ይመጣል። ያጨበጨበለት የለም፤ የሰደበውም የለም። እትዬ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጎረቤቲቱን ነበር።

"ባልሽ እየመጣ ነው። ስወጣ ፈርሜያለሁ" አላት፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

 ሴትየዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መንገዱ ሮጠች።

እትዬ በሩን በሰፊው ከፈተችለት። ከራሱ እስከ እግሩ አየችው፣ እጇን ሰዳም የተንጠለጠለውን እጅጌ ያዝ አደረገች።

"ይሄን እንኳ አልደረስክበትም፣ አቡሽ" አለችው። "አውልቀውና ግባ።"