ወለል የሌለው የወፍ ቤት

ኤሌክትሪሺያኑ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ አርፎ አያውቅም። የተበላሸ ነገር ሲያጣ ያልተበላሸውን ይፈታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ፣ «ሌላውን እንደፈለግክ፣ የስፌት መኪናዬን ግን እንዳትነካብኝ» ብላ አስጠንቅቃዋለች። ጓሮው ግን የጋራቸው ነው። እሷ ጎመንና ቲማቲም ትተክላለች፣ እሱ ውሃ ያጠጣል። በዚያ ዓመት ታዲያ ጎመኑን ትል ወንፊት አደረገው። አመሻሹ ላይ ደግሞ ትንኙ በረንዳ ላይ አላስቀምጥ አላቸው።

እርሻ ምርምር የምትሠራው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ለአባቷ በስልክ አንድ መላ ነገረችው።

«አባዬ፣ ለምን የሌሊት ወፍ አታስለምድም? የትሉን እናት፣ የእሳት እራቷን፣ አየር ላይ እንዳለች ትቀልብልሃለች። ትንኙንም እንደዚያው። ካንተ የሚጠበቀው ቤት ሠርተህ መስቀል ብቻ ነው።»

«የሌሊት ወፍ? እናትሽ ብትሰማስ?»

«እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ ሳቀች።

አሠራሩንም አስረዳችው። ሳጥኑ ጠፍጣፋ ይሁን፤ የውስጡ ሳንቃ ጥፍር እንዲይዝ ሻካራ ይሁን፤ መግቢያው ከታች ይሁን፤ ከፍ ተደርጎ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ልብስ ሰፊዋ የሌሊት ወፍ ስም ሲነሳ እንኳ ፊቷ ይለዋወጣል። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ በተከራዩት ቤት አንዲት የሌሊት ወፍ በመስኮት ገብታ ፀጉሯ ላይ አርፋባት ነበር። እሷ ቤቱን በጩኸት ስታናጋው ባሏ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እሱም ያን አልረሳውም። ስለዚህ ሳንቃ ሲቆርጥ ደርሳ «ደግሞ ይሄ ምንድነው?» ስትለው፣ «የወፍ ቤት» አላት። አልዋሸም፤ ከፊት የምትመጣውን አንዲት ቃል ዋጣት እንጂ።

«ወፎቹ ትሉን ሊለቅሙልን ነዋ! ጎሽ የኔ ጌታ!» ብላ ሳጥኑን አንስታ አገላበጠችው። «ወለሉስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ እንቁላሏን የት ልትጥል ነው?»

«እነዚህ… ወለል አይወዱም።»

«ወለል የማይወድ ወፍ?»

«ልጅሽ ናት ያለችው።»

«እንግዲህ የተማረ ሰው ካለ» ብላ ገባች፤ ነገሩ ግን አልዋጥ አላት።

ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ግድግዳ ፎቁ ላይ፣ የስፌት ክፍሏ መስኮት አጠገብ ያለው ነበር። እዚያው ሰቀለው። ከዚያ በኋላ አመሻሽ በመጣ ቁጥር ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንገቱን አንጋጦ ይጠብቅ ጀመር። የሌሊት ወፎቹ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ውር ውር ይላሉ። አንዳንዴ አንዷ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ትልና ከሥሩ ታጥፋ ትመለሳለች። ለምን? የሸሸችው የቀለም ሽታ እንዳይሆን አሸተተ፤ ሳጥኑን ቀለም አልነካውም። ነፋስ እንዳይሆን ውስጡን ሳያይ እንዳለ ወደ መስኮቱ ሌላኛው ጎን አዛወረው። ያው ነው። ልጁ ጋ ደወለ።

«መግቢያው በደንብ ክፍት ነው?» አለችው።

«እጄ ነው የሠራው፣ እንዴት አይከፈትም?»

«እንግዲያስ እኔም ግራ ገባኝ፣ አባዬ።»

ሚስቱም በበኩሏ ግራ ተጋብታለች። ጠዋት ጠዋት ዛፉ ላይ ወፎች ሲንጫጩ ትሰማለች፤ አንዳቸውም ሳጥኑን ዞር ብለው አያዩትም። ባሏ ደግሞ ወፎቹ ሲንጫጩ ያንኮራፋል፣ ወፍ ሁሉ ሲተኛ ወጥቶ ይጠብቃል።

«ወፍ ሲመሽ ነው እንዴ የሚጠበቀው?» አለችው።

«ከሥራ የሚመለሱት ሲመሽ አይደል?»

ይህን ሲላት ሳቀች፤ በሆዷ ግን ጡረታው አናቱ ላይ ወጣ ይሆን ስትል ፈራች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ትዕግሥቱ አለቀ። መሰላል ደግፎ ወጣና በባትሪ ከሥር ወደ ላይ አበራ። ውስጡ ነጭ ነው። የሸረሪት ድር መሰለው። ፒንሳ አስገብቶ ሲስብ ጥጥ ተከትሎት መጣ። ደገመ፤ አሁን ዳንቴል። ከዳንቴሉ ጋር የሐር ቁራጭ። ይስባል፣ ይመጣል፤ ይስባል፣ ይመጣል። ይህን ሁሉ ያጠራቀመው ምን ዓይነት አውሬ ነው እያለ ሲደነቅ መስኮቱ ተከፈተና የሚስቱ ራስ ብቅ አለ።

«አንተ ሰውዬ! ጎጇቸውን ልታፈርስባቸው ነው?»

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ወለል ስለሌለው እንቁላሉ ዱብ እንዳይል ደፈንኩት። ሳጥኑ ጠባብ ሆነብኝ እንጂ ከጎን ቀዳዳ ላበጅላቸውም አስቤ ነበር።»

ይሳቅ ያልቅስ ጠፋው። ሳቁ ቀደመ፤ መሰላሉ ተንገዳገደ፤ የመስኮቱን ደፍ ይዞ ቆመ። ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚሸሽበት የለም።

«የሌሊት ወፍ ናት» አላት።

«የቷ?»

«የምንጠብቃት። ቤቱ የእሷ ነው።»

ሚስቱ መስኮቱን ዘጋችው።

ከሰዓቱን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ድምፅ አላቋረጠም። እሱ ታች ሆኖ ጥጡንና ዳንቴሉን ከሣር ላይ ለቀመ፤ ከለቀመ በኋላ ግን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። በመጨረሻ ይዞላት ወጣ። ቀና ሳትል ተናገረች።

«የሌሊት ወፏ አይደለችም ያቃጠለችኝ። በየጠዋቱ ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈውን፣ ለስለስ ያለውን እየመረጥኩ እዚያ ስከት፣ አንተ እያየህ…»

«ኧረ አላየሁሽም!»

«እሱማ ባሰ።»

«ትፈሪያለሽ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩሽ።»

«ያኔ ፀጉሬ ላይ ስትንፈራገጥ ትፈራለች አላልክም። ስትስቅ ነበር። ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«አወርደዋለሁ» አለ።

«ማን አውርድ አለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔስ መች አወቅኩት!» ብላ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ጎመኑንም እፈልገዋለሁ፣ እሷንም አልፈልጋትም። ብቻ ከመስኮቴ አርቅልኝ።»

ጓሮው ጫፍ ላይ ረጅም እንጨት ተክሎ ሳጥኑን እዚያ ሰቀለው። ሚስቱ ሥራውን በመስኮት ታያለች፤ እሱ ቀና ሲል ዞር ትላለች። ትሉ ከዚያ በኋላም እንደ ልቡ ይበላ ነበር።

አንድ አመሻሽ እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳለ ኋላው ኮቴ ሰማ። ሚስቱ ናት፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ። መጥታ ጎኑ ቆመች። እሱም እንዳትሄድበት ፈርቶ ከበርጩማው ንቅንቅ አላለም።

ከሳጥኑ ሥር አንዲት ጥቁር ነገር ዱብ አለች። መሬት ሳትነካ ክንፏን ዘርግታ ከጎመኑ በላይ አንዴ ዞረች፣ ደገመች። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ትከሻ ጨመደደችው።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ትንሽ ናት እኮ። ያኛዋ ጃንጥላ ታክል ነበር።»

«ፈራሽ?»

«እስቲ ዝም በል።»

ሚስቱ ወደ ቤት ትገባለች ብሎ ጠበቀ፤ አልገባችም። ለመደቻት እንዳይል ጣቶቿ ትከሻውን ሊበሱት ደርሰዋል። በዚህ መሃል ሌላ ጥላ ከሳጥኑ ወረደና የመጀመሪያዋን ተከትሎ ሄደ።

«ሌላም አለ እንዴ ውስጥ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንጃ» አላት።

እጇን ከትከሻው ሳታነሳ ወደ ሳጥኑ አንጋጠጠች።