የመጀመሪያው ቡራኬ

ጎሚስታው የእናቱን እግር አጥቦ ጣቶቿን እያደረቀ ሳለ ታናሽ ወንድሙ ገባ። እሁድ ቅስና የሚቀበለው ወንድሙ ነው፤ ከዘርአ ክህነት ትምህርት ቤቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቆ መምጣቱ ነው።

"እማ፣ መጣሁልሽ" አለና ሊስማት ጎንበስ አለ።

እናቲቱ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዘንድሮ ደግሞ አእምሮዋም ከዳት። ፊቷን አዙራ የጎሚስታውን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። "አባ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?"

ወንድምየው ክው አለ። "አባ የምትለው አንተን ነው?"

"ምን ላድርግ፣ ሳልማር ተሾምኩልህ" አለ ጎሚስታው፣ ሊያስቀው ብሎ።

ምኑ ያስቃል! ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ መቁጠሪያዋን ይዛ "እመቤቴ ማርያም፣ የልጄን የመጀመሪያ ቡራኬ ሳልቀበል አልሙት" ስትል የኖረችው ለታናሽየው ነው። ጎሚስታውን ማን አስታውሶት! ትምህርቱን ጥሎ ጎማ እየለጠፈ ወንድሙን ያስተማረው እሱ፣ ዛሬም የሚያጥባትና የሚያጎርሳት እሱ፤ ምርቃቱ ግን በወንድሙ ስም ነው የሚደርሰው። እሱም አባ ስትለው አቤት ይላታል።

"ጋሼ" አለ ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሁድ ጎረቤት ይዟት ቢመጣስ? አንተ ካለህ እኔን አትቀበለኝም።"

"እኔ ልቅር?"

"ለሷ ብዬ እኮ ነው።"

ጎሚስታው ፎጣውን አስቀመጠ። ለእሁድ ብሎ ያሳጠበው ኮት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተናደደ፤ ግን ወንድሙም አሳዘነው። የወንድሙን እጅ ሳብ አድርጎ እናቱ ራስ ላይ አስቀመጠና ከኋላዋ ቆሞ "እማ፣ ልባርክሽ" አላት።

እጁን ዳበሰችው፤ መዳፉን፣ ጣቶቹን። ከዚያ ገፋችው።

"ይኼማ የልጄ እጅ አይደለም። የልጄ እጅ ሻካራ ነው።"

ወንድምየው እጁን ኪሱ ከተተ። እንባው ግን አልታዘዘለትም።

"እርስዎ ይባርኩኝ እንጂ፣ አባ" አለች አሮጊቷ። ጎሚስታውን በዕድሜው አንቱ ብላው አታውቅም ነበር። "ደክሞኛል። እሁድን ማን ያውቃል?"

"ጋሼ፣ ይቺን የመጀመሪያ ቡራኬ እንኳ ተውልኝ" አለ ወንድምየው በሹክሹክታ።

"ያ ወንድምዎ ግን ጨከነብኝ" ቀጠለች እናቲቱ። "ጎማውን ታቅፎ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ፣ እማ እንዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም።"

ጎሚስታው እሳት ጎረሰ። እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ ካላት ግን የምትጠብቀው ቄስ ይጠፋባታል፤ ዝም ካለ ደግሞ ሳትባረክ ታድራለች። የሚያደርገው ለእናቱ ብሎ ይሁን ወንድሙን ለመበቀል፣ እሱም ለይቶ አላወቀውም።

"ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማ" አላትና ሻካራ እጁን አናቷ ላይ ጭኖ ባረካት።