የአህያዋ ተራ

"እትዬ፣ አህያዋ ትቅር ብያለሁ እኮ!" አለ ወጣቱ ዳይሬክተር፣ ለሕፃናቱ የእንስሳት ድምፅ ትርኢት የወላጆቹን ወንበር እየደረደረ። "ውሻ፣ ድመት፣ በግ ይበቃናል። ድምፁ ከስፒከሩ ይወጣል፤ ልጆቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ።"

"አህያዋ ምን አደረገችህ?" አለች አስተማሪዋ።

"ወላጅ ይስቅብናላ! ትምህርት ቤት እንጂ በረት አይደለም።"

አስተማሪዋ ደሟ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃናት ስታስተምር እንደ ዘንድሮዎቹ ጆሮ ያላቸው አላየችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፈር ለሰፈር ይዛቸው ስትዞር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የፍየሉን ድምፅ ከበጉ፣ የንቧን ከዝንቧ ለይተዋል። ደግሞ አህያ የምትሆነው ልጅ አባት በአህያ ጋሪ ሲሚንቶ እያመላለሰ ነው የሚያስተምራት።

"የልጅቷን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን እንደሚከፍል ታውቃለህ?" አለችው። "አህያዋ ናት።"

ወላጆች መግባት ጀመሩ።

ስፒከሩ ጮኸ። ውሻ የሆነው ልጅ አፉን የከፈተው ጩኸቱ ካለቀ በኋላ ነው። ወላጆች ለወጉ ያህል አጨበጨቡ። አስተማሪዋ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው።

"በሉ ልጆች፣ በራሳችሁ!"

ድመቷ እንደ ተራበች ሆና ሚያው አለች። በጉ ድምፁን አጎርንኖ፣ ፍየሏ አቅጥና እያንቀጠቀጠች መለሱ። ንቧ እዝዝ እያለች በአዳራሹ ስትዞር ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ዳይሬክተሩ ከጥግ ሆኖ በጣቱ "በቃ!" የሚል ምልክት ሰጣት።

"አህያ!" ብላ ጠራች አስተማሪዋ።

ባለ ወረቀት ጆሮዋ ልጅ ወጣች። ትንፋሿን ሲር አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበችና አናፋች። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴትዮ ከት ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ልጅቷ መሃል ላይ አቋርጣ ወደ ኋለኞቹ ወንበሮች አየች። ትከሻው ላይ የሲሚንቶ አቧራ ያለበት አባቷ አንገቱን ደፍቷል።

"ምነው አቋረጥሽ የኔ እናት?" አለች አስተማሪዋ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። "አህያ ስለተሳቀባት ዝም ትላለች እንዴ?"

አባትየው ቀና አለ።

"ኧረ በፍጹም!" አለ ከኋላ። "የኔዋማ ሲስቁባት ይብስባታል!"

የአሁኑ ሳቅ ሌላ ነበር። ልጅቷ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመችና እንደገና አናፋች፤ ያን ረጅሙን፣ እየወጣ እየወረደ መጨረሻው ላይ የሚያቃስተውን ሁሉ ሳታስቀር። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሳቂዋ ሴትዮ ሳይቀር አፏን ከፍታ ቀረች።

ዳይሬክተሩ ክራቫቱን እያስተካከለ ወደ መድረኩ ጥግ መጣ።

"ሲያልቅ ቢሮ እንነጋገራለን" አላት በሹክሹክታ።

"እንነጋገራለን።"

ፕሮግራሙን አየች። ቀጥሎ የተጻፈው "የዳይሬክተሩ ንግግር" ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

"አንዴ ድገሚላቸው።"