የባኩላ ሸክላ

የዘፈን ሸክላው ከፑዋንት ኑዋር ከተማ በጭነት መኪና ሲመጣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ነበር። ማጫወቻውም እንደ ሻንጣ ተዘግቶ በሲባጎ ታስሯል። ሉታያ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጥቅሉን ፈታችና ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከጠርዙ የተነሳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሸክላው ላይ ያለው የአባቷ የባኩላ ድምፅ ነው። ባኩላ ዕድሜውን በሙሉ በባኮንጎ ሰፈር ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ያረፈ ሰው ነው። በወጣትነቱ ግን አንድ ክረምት ከአንድ የጭፈራ ቤት ባንድ ጋር ዘፍኖ አንዲት ዘፈን አስቀርጿል። ቤት ውስጥ የነበሩት ሸክላዎች፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሰፈሩ ወደ ጫካ ሲሸሽ፣ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር አብረው ተዘርፈዋል። ይቺ አንዷ የተረፈችው ባኩላ የካሴት ማጫወቻ የገዛ ጊዜ አሮጌውን ማጫወቻ ከነሸክላው ፑዋንት ኑዋር ለምትኖረው እህቱ ሰጥቶ ስለነበር ነው።

አሁን ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚስቱ ማማ ቡኤሶ ከላቸውን የሚያወልቁበት ድግስ ተቆርጧል። ልጆቻቸው ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«ጥቁሩን ሳወልቅ እሱ ይዝፈንልኝ።»

የሉታያ ታናሽ ወንድም ምፑቱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ወሬ ደግሞ አፉ ላይ አያድርም። ሸክላው ገና መንገድ ላይ ሳለ ለሰፈሩ ሁሉ «አባቴ በድግሱ ይዘፍናል» ብሎ ጨርሷል።

የአባታቸው ወንድም አጎት ሳምባ ሳቁበት። «ባኩላ ሲዘፍን የሰማሁት ሱሪ ሲሰፋ ብቻ ነው። እሱንም መኪናው ነበር የሚዘፍንለት።»

«ቆይ ትሰማለህ፣ አጎቴ።»

«እንስማ እንጂ። ሰው ጠርተህ ዝም የሚል ሳጥን እንዳታሳየን ብቻ።»

ሉታያ ይህን ስትሰማ ወንድሟን ልትመታው ምንም አልቀራት።

ማጫወቻውን ይዛ ከገበያው ጀርባ ሬዲዮ ወደሚጠግኑት አዛውንት ወደ ታታ ንዙዚ ሄደች። ታታ ንዙዚ ክዳኑን ከፍተው ክንዱን በጣታቸው አነሱት፤ መርፌውን በማጉያ መነጽር አዩት።

«ይሄ መርፌ አይደለም፣ ማረሻ ነው» አሉ። «ሸክላሽ ላይ ካስቀመጥሽው ድምፁን አርሶ ይወጣል።»

«ሊስተካከል አይችልም?»

«ይሄስ አይስተካከልም። ክንዱ ግን ደህና ነው። መርፌው የተሰካበትን ራሱን ቆርጠን ቀለል ያለ እንገጥምለታለን። ከወንዙ ማዶ ኪንሻሳ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ በጀልባ ይልክልኛል።» ከዚያ ሸክላውን ተቀብለው ስንጥቁን በማጉያ መነጽሩ ከጠርዙ እስከ ጫፉ ተከተሉት።

«ታታ፣ ይናገሩ እንጂ።»

«ስንጥቁ ዘፈኑ መጀመሪያ ድረስ ገብቷል። መርፌው ከሱ ጋር ተስማምቶ ካለፈ፣ አለፈ።»

«ካልተስማማስ?»

«ካልተስማማ ሁለቱም ይሄዳሉ።»

ምፑቱ ይህን ሲሰማ መላ አመጣ። «አንዴ አጫውቱትና በስልኬ ልቅዳው። ከዚያ ሸክላው ቢፈልግ ይሰበር።»

«እኔን የምታስፈራኝ ያቺ አንዴ ናት» አሉ ታታ ንዙዚ።

ነገሩ ማማ ቡኤሶ ጆሮ ሲደርስ ክርክሩ አበቃ። «አንዴ ብቻ የሚሰማ ከሆነ እኔ ነኝ የምሰማው። ስልኩም ከፈለገ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይስማ።»

ስለዚህ ሸክላው በአንሶላው ተጠቅልሎ ከሉታያ አልጋ በላይ ባለው መደርደሪያ ተቀመጠ። በሩ በነፋስ በተማታ ቁጥር ቀና ብላ ታየው ነበር። ክፍል ገብታ እያስተማረች ሳለ እንኳ፣ የወንድሟ ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ክፍሏ የገቡ ይመስላትና የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ትረሳዋለች።

ታታ ንዙዚ ሠርተው ሠርተው ማጫወቻውን ቤት ድረስ ይዘው መጡ። ከሸክላው ማስቀመጫ ሥር ሆና የምታሽከረክረው ትንሿ የጎማ መንኮራኩር ደርቃ ክብነቷን ስላጣች በአዲስ ጎማ አልብሰዋታል። ክንዱ ላይ አዲሱ ራስና አዲሱ መርፌ ተገጥመዋል፤ ጫፉ እንዳይከብድ ደግሞ ከኋላ የነሐስ ቁራጭ ታስሮለታል። የአዲሱ መርፌ ድምፅ ደካማ ስለሆነ በማጫወቻውና በትልቁ ድምፅ ማጉያ መካከል አንዲት ትንሽ ሣጥን ገብታለች። በሌላ ሸክላ ሲሞክሩት ቤቱ በጊታር ተሞላ። ማማ ቡኤሶ ከጓዳ ብቅ አሉ፣ ሰሙና «ይሄ የሱ አይደለም» ብለው ተመለሱ።

«የሱ የዛሬ ሳምንት ነው፣ ማማ» አለች ሉታያ። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ አላየችም።

በድግሱ ቀን ግቢው በድንኳን ተሸፈነ። ወንበሩ ሞላ፤ የካሳቫ ቅጠሉ ወጥ በትልልቅ ድስት ተንተከተከ። ማማ ቡኤሶ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ መሐል ተቀምጠዋል፤ የሚቀይሩት ቢጫ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ታጥፏል። ሉታያ ሸክላውን ከአንሶላው አውጥታ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። ልክ በዚያች ሰዓት የድንኳኑ ማራገቢያ ቀስ እያለ ቆመ። መብራት ጠፋ።

አጎት ሳምባ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ባኩላ ሐሳቡን ቀየረ መሰለኝ» አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ምፑቱ ሮጦ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የኪራይ ጄኔሬተር አስነሳ። ማራገቢያው ዞረ፤ የመጠጡ ማቀዝቀዣ አጉረመረመ። ታታ ንዙዚ ለሉታያ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ሉታያ መርፌውን አወረደችው።

ጠቅ አለ። ሸክላው ዞሮ ስንጥቁ መርፌው ሥር በደረሰ ቁጥር ጠቅ ይላል፤ እሷም በእያንዳንዱ ጠቅታ ዓይኗን ትጨፍናለች። መርፌው ግን አልዘለለም። ጊታሩ ገባ፤ ከዚያ የሰው ድምፅ። ወፍራም፣ የተጎተተ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሽማግሌ የመሰለ ድምፅ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማማ ቡኤሶ ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ።

«እሱ አይደለም።»

«ማማ፣ እሱ ነው፤ ስሙ ተጽፎበታል!»

«የጻፈው ይጻፍ። አርባ ዓመት ጆሮዬ ሥር ያንኮራፋ ሰው ድምፁ ይጠፋኛል?»

የሉታያ እጅ ክንዱን ለማንሳት ተዘረጋ። ታታ ንዙዚ ያዟት። «አትንኪው። የማጫወቻው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው። ጄኔሬተሩ ከብዶት እያዘገመ ነው፣ አባትሽም አብሮ ያዘግማል።» ወዲያው ወደ ቤቱ ጀርባ ሮጡ።

ግን ከጄኔሬተሩ ጩኸት አጠገብ ሆነው ዘፈኑን ሊሰሙት አይችሉም። ምፑቱ የማቀዝቀዣውን ገመድ ነቀለና፣ ስልኩን ለቅጂ ከፍቶ በአንድ እጁ እንደያዘ የቤቱ ማዕዘን ላይ ቆመ፤ ከዚያ እናቱም ታታ ንዙዚም ይታዩታል።

«ማማ፣ በእጅሽ አሳዪኝ፣ እያየሁ ነው!»

ማማ ቡኤሶ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ። «ጨምር!» ብሎ ጮኸ ምፑቱ። ታታ ንዙዚ የጄኔሬተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ብሎን አጠበቁ። ድምፁ ቀጠነና ፈጠነ። መዳፉ አሁንም ከፍ አለ። «ጨምር!» ድምፁ ልኩን አለፈና እንደ ሕፃን ጮኸ። መዳፉ ወረደ። «ቀንስ፣ ቀንስ! በጣም አይደለም!» ሉታያ መርፌው ወደ መሐል እየተጠጋ መሆኑን ታያለች። ዘፈኑ ሊያልቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሟል።

የማማ ቡኤሶ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቆመ።

«አሁን» አሉ። «አሁን መጣ።»

የቀረችው የመጨረሻዋ ስንኝ ብቻ ነበረች። የአንድ ወጣት ጥርት ያለ ድምፅ ዘፈናትና አለቀ።

አጎት ሳምባ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ወንድሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ድገሚው» አሉ ማማ ቡኤሶ።

ሉታያ ደነገጠች። «ማማ፣ ስንጥቁ አንዴ አሳልፎናል። ምፑቱ ቀድቶታል እኮ።»

ምፑቱ ስልኩን አጫወተ። ከውስጡ የወጣው የጄኔሬተር ጩኸትና የራሱ «ጨምር! ቀንስ!» ነበር። አንገቱን ደፋ።

«የኔ ሸክላ ነው» አሉ እናታቸው። «ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ የምጸልይበት አይደለም። ድገሚው።»

ሴቶቹ ማማ ቡኤሶን ወደ ቤት አስገብተው ጥቁሩን አወለቁላቸው። በቢጫው ልብስ ሲወጡ ሉታያ መርፌውን እንደገና አወረደችው። ጠቅታው ካለፈው የበረታ መሰላት። ጎንበስ ብላ መርፌው ላይ አፈጠጠች፤ እየደነሱ የሚያልፏት ሰዎች ሲነኳት እንኳ ቀና አላለችም። ጠቅ። ጠቅ። አሁን ይያዛል፣ አሁን ይሰበራል እያለች ነበር።

አንድ እጅ አገጯን ይዞ ፊቷን አዞረው። እናቷ ናቸው፤ እየደነሱ መጥተዋል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ።

«የአባትሽን ድምፅ በዓይንሽ ነው እንዴ የምትሰሚው?»

«እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«ከተሰበረ ተሰበረ። ስሚ።»

ሉታያ ጀርባዋን ለማጫወቻው ሰጥታ ቆመች። መጀመሪያ የሰማችው የልቧን ምት ብቻ ነበር። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እሷ ከምታውቀው አባት በብዙ ዓመት የሚያንስ፣ ትንሽ የሚኩራራ ልጅ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ቃል አፉ ላይ ተሰናከለበትና ሳቁን ሲውጠው ተሰማ።

«ምን ሆኖ ነው የሚስቀው?» አለች።

«እኔ ነኛ» አሉ ማማ ቡኤሶ። «ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ማዶ ቆሜ ምላሴን አወጣሁበት። ያስቀረጸው ሰውዬ አባረረኝ።»

ምፑቱ እንደገና ሊቀዳ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ፣ ማንም እንዳይናገር ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ማማ ቡኤሶ የልጃቸውን ክንድ ያዙና ወደ ጭፈራው ሳቧት።